የሰው ድመት

ሥራ ልለቅ ሰሞን አቡ ዳቢ፣ አል ሙሽሪፍ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሽኝት አደረገችልኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ተዘመረ፣ ተጸለየ፤ ከዚያ መጋቢያችን ማይክራፎኑን አቀበሉኝና በዚህ አገር ምን ስሠራ እንደኖርኩ በአጭሩ እንድናገር ጠየቁኝ። ጉባኤው ውስጥ የሆስፒታል ነርሶች አሉ፣ የቢሮ ሰዎች አሉ፣ የሆቴል ኃላፊዎች አሉ፤ ሁሉም የሚወራ ሥራ አላቸው። እኔ ምን ልበል? «ድመት ሳክም ኖርኩ» አልኩና ማይክራፎኑን መለስኩ። ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ እየሳቁም አጨበጨቡልኝ። ድሮም የሚጠሩኝ «ሲስተር ድመት» እያሉ ነው። አንዷማ ልቀመጥ ስል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፣ አንቺም አገር ቤት ገብተሽ የድመት ክሊኒክ ሳትከፍቺ አትቀሪም አለችኝ። አብሬ ሳቅኩ። ያን ቀን መናገር ያቃተኝን ነው አሁን የምጽፈው።

የተረፈውን ኬክ በሳህን ይዤ አል ዛሂያ ወዳለችው ክፍሌ ስገባ ነጅማ አልጋው ላይ ተኝታ ነበር። ነጅማ የፋርስ ዘር ያላት ነጭ አሮጊት ድመት ናት። ድሮ ቁልፉ ሲንቃጨል ዘላ በሩ ላይ የምትጠብቀኝ፣ ያን ቀን ራሷን እንኳ አላነሣችም። ኩላሊቷ ከደከመ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ነው፤ አገር ቤት ሆሳዕና ከተማ የእህቴ ልጅ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ ይጠብቀኛል። ነጅማን ይዤ ልሂድ ብል መንገዱን አትችለውም። ትቻት ልሂድ ብል ለማን? ሦስተኛው መንገድ በመርፌ ማሳረፍ ነው፤ እሱን በሥራ ዘመኔ ለስንቱ ባለ ድመት ድምፄን አለስልሼ አስረድቻለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን አልቻልኩም፤ ነጅማ የእኔ አይደለችማ። አደራ ናት። የሰው አደራ ደግሞ ባለቤቱ ሳይጠየቅ እንዲህ አይደረግም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የተማርኩት ደብረ ዘይት ነው፤ የእንስሳት ጤና ረዳትነት። ተመርቄ አገሬ ሀዲያ ውስጥ አንድ ወረዳ ተመደብኩ። በሬ አክሜአለሁ፣ አህያ አክሜአለሁ፣ በግና ፍየል አክሜአለሁ። ድመት ታቅፎ የመጣ ሰው ግን አንድም አላስታውስም። እኛ ጋ ድመት አይጥ ትይዛለች፤ ከታመመች ጥጓን ይዛ ትተኛለች፤ ከሞተች የጎረቤት ድመት ስትወልድ ሌላ ይመጣል። እህቴ አርፋ ልጆቿ በእጄ ሲቀሩ የወረዳው ደሞዝ አላዳርስ አለኝ። እንደ ብዙ ጓደኞቼ ዲፕሎማዬን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ በቤት ሠራተኛነት አል ዐይን ገባሁ።

የገባሁበት ቤት አንድ ግራጫ ወንድ ድመት ነበረ። አንድ ሳምንት ነገረ ሥራው ሁሉ ተለወጠ። የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፤ ወርዶ ብልቱን ይልሳል፤ ወዲያው ተመልሶ ይወጣል። ማዳም ሆድ ድርቀት ነው ብላ የወይራ ዘይት በማንኪያ ታጠጣዋለች። እኔ ሽንቱ የተዘጋበት በሬ እንዴት እንደሚቆም አይቻለሁና አላማረኝም፤ አሸዋውን ስጠርገው ደግሞ ደረቅ ነው። ባገኘሁት የቤት ዓረብኛ ለመንኳትና ወደ ሐኪም ሄድን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ድመቱን በሣጥን ተሸክሜ ከኋላ።

ሐኪሙ ዶክተር ዑስማን ይባላል፤ የኦምዱርማን ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሱዳናዊ። ማዳምን እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ሲጨርስ «አሸዋውን የሚጠርገው ማነው?» አለ። ማዳም ወደ እኔ ጠቆመች። ከዚያ በኋላ ወንበር ስቦ ሁለታችንንም አስቀመጠና ጥያቄውን ለሁለታችንም አደረገው፤ የሚበላውን ከእሷ፣ የሚያስወግደውን ከእኔ። የድመቱን ሆድ በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ሲዳስሰው ፊኛው እንደ ጥሬ ብርቱካን ጠጥሯል። በቀጭን ቱቦ ሽንቱን አስወጣለት፣ ግሉኮስ ሰቀለለት፣ ድመቱ ተረፈ። ስንወጣ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ከአንድ ዓመት በኋላ ውሌ ሲያልቅ ክሊኒኩ ረዳት አድርጎ ወሰደኝ። ወረቀቱ ብዙ አስለቀሰኝ፤ ደሞዙም ከቤት ሥራው እምብዛም አይበልጥም ነበር። ጋውን ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ግን የድሮዋን ታደለችን አየኋት፤ አልቅሻለሁ።

ዶክተር ዑስማን የሚያስተምረው በእጁ ነው። መጀመሪያ እጁን በሞቀ ውኃ ይታጠባል። ቀዝቃዛ እጅ ድመትን ያስዋሻታል ይል ነበር፤ ትደነግጥና ያላመማትን ታመመች ታስብላለች፣ ያመማትን ትደብቃለች። ከዚያ ሣጥኑን ወለሉ ላይ ያስቀምጣል፣ ክዳኑን ከላይ ይፈታል፣ ራሱም እግሩን አጣጥፎ መሬት ይቀመጣል። ድመቷን ጎትቶ አውጥቶ አያውቅም። ወጥታ እስክታሸተው ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ግን ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ አተነፋፈሷን ያያል፣ እግሯን እንዴት እንደምትጥል ያያል። ድዷን በመብራት አያይም፤ ወደ መስኮቱ ይዟት ሄዶ በፀሐይ ነው። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ይነጣና ወዲያው ይመለሳል። ነጥቶ ከቀረ ደም አንሷታል፤ ቢጫ ከሆነ ነገሩ ወደ ጉበት ይሄዳል። ማጅራቷ ላይ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል፤ ቶሎ ካልተመለሰ ሰውነቷ ውኃ አጥሮታል። ደግሞ ሳያውቅ «አይዞሽ» አይልም። ድመት ስትሞትበት በንጹሕ ፎጣ ይጠቀልላትና ፊቷን ሳይሸፍን እስከ መኪናው ድረስ ራሱ ይሸከማታል። ይህን ለእኔም ሆነ ለሌላ ረዳት ሰጥቶ አያውቅም።

ከእሱ ጋር ያየሁት በሽታ ብዙ ቢሆንም አብዛኛው ያው የታወቀው ነው። ጆሮዋን ስታክ የምትውል ድመት ጆሮዋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካለ፣ በዓይን የማይታይ ተባይ ገብቶባታል፤ ያጸዱታል፣ ጠብታ ያደርጉበታል። ጠጉሯ ክብ ክብ እየሆነ ከረገፈ ጭርት ነው፤ የቤቱ ልጆች ክንድ ላይም አይጠፋም። የምታስነጥስና ዓይኗ የሚያለቅስ ድመት አፍንጫዋ ከተደፈነ ምግቡ አይሸታትም፣ ካልሸታት ደግሞ አትበላም፤ ስለዚህ ፊቷን ለብ ባለ ጨው ውኃ እየጠረግን ዓሣዋን አሙቀን እናቀርባለን። ሰዎች «ወፍራለች፣ ትንሽ ትጹም» ይሉናል። ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን ካልበላች ጉበቷ ይታመማል፤ ድመት ጾም አታውቅም። አንገቷን ዘርግታ መሬት ለመሬት የምትስለውን ሁሉም ጠጉር ዋጠች ይላል፤ ዶክተር ዑስማን ግን በኹር፣ የዓረብ ዕጣን፣ የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ትተኛ እንደሆነ ነው አስቀድሞ የሚጠይቀው።

ሐሙስ ከሰዓት ግመል ወደሚረባበት በረሃ፣ ወደ ስዌይሃን እንወጣ ነበር። ግመሎቹ ሌላ ሐኪም አላቸው፤ እኛ የምንሄደው ለግመል ጠባቂዎቹ ድመቶች ነው፤ ዶክተር ዑስማን በነፃ ያክማቸዋል። አንድ ሸምገል ያለ ፓኪስታናዊ ጠባቂ ነበር፤ ድመቱን ሌላ ድመት ነክሶት ጉንጩ አብጦ መግል ቋጥሯል። ጠጉሩን ላጨን፣ ሰነጠቅነው፣ አጠብነው፤ ሰውየው ከድመቱ በላይ እሱን ያመመው ይመስል ሻሹን አፉ ላይ ይዞ ቆሞ ነበር። ስንጨርስ ለዶክተር ዑስማን የሆነ ነገር አለው። መንገድ ላይ ምን አለህ ስለው፣ «ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ያናገርኩት ከዚህ ድመት ሌላ የለም» አለኝ አለ። ያኔ ገና ሰው በዙሪያዬ ነበርና አዘንኩለት እንጂ አልገባኝም።

ዘይነብ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። የወሎ ልጅ ናት፣ ከኮምቦልቻ፤ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ የምትሸፍን። አል ዐይን ውስጥ አንድ ትልቅ ቪላ ትሠራለች። ማዳሟ ወንድምና እህት የሆኑ ሁለት ድመቶች ነበሯት፤ ሱልጣንና ነጅማ። ጠጉራቸውን የምታበጥረው፣ ዓይናቸውን የምትጠርገው፣ አሸዋቸውን የምትቀይረው ዘይነብ ናት፤ የሚተኙትም እሷ እግር ሥር። የምታወራቸው በአማርኛ ስለነበር ማዳሟ «ነጅማ፣ ተዓሊ» ስትል ዘወር የማይሉት፣ ዘይነብ «ነይ» ስትል ይሮጡ ነበር። ማዳሟ በዚህ ትስቅ እንጂ አትቀናም ነበር።

አንድ ጠዋት ማዳሟ ራሷ እየነዳች፣ ዘይነብ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ መጡ። ሱልጣን ፊቱና መዳፉ አብጧል፤ በአፉ ይተነፍሳል። ዶክተር ዑስማን መስኮቱ ጋ ወስዶ ድዱን ሲገልጠው ሮዝ አይደለም፣ ነጭ አይደለም፣ ቢጫም አይደለም፤ ቡናማ ነው፣ ቸኮሌት። እንደዚያ ያለ ድድ አይቼ አላውቅም ነበር። ዘይነብ ተጠየቀች፤ ሲያስነጥስ ሰንብቷል፣ ትኩሳት ነበረው፣ ሽንቱ ጠቁሯል አለች። መድኃኒት ሰጥታችሁታል ወይ ሲል ማዳሟ የለም አለች። እኔም ዘይነብን በአማርኛ ጠየቅኳት። «አልሰጠሁትም እትዬ» አለች፤ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል። የምትዋሽ ሰው አይደለችም፤ አመንኳት። ዶክተር ዑስማንም አመናት። ኦክስጅን አደረግንለትና መርዙን ፍለጋ ጀመርን። የወለል ማጽጃ? የበረሮ መድኃኒት? ሽንኩርት በልቷል? ማዳሟ ለቤት ደወለች፣ ሾፌሩ ያገኘውን ጠርሙስ ሁሉ እየጫነ አመጣ። ጠዋቱ በዚህ አለቀ።

እኩለ ቀን ሲሆን ዘይነብ ከለቅሶው ብዛት ራሷን አመማት። ከቀሚሷ ኪስ አንድ ነጭ ክኒን አወጣችና ውኃ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ክኒኑን አየሁት።

«ዘይነብ፣ ከዚህ ሰጥተሽዋል?»

«ግማሹን ብቻ። ትኩሳቱ ሲያስቸግረው።»

«መድኃኒት አልሰጠሁም አላልሽም?»

«ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ እትዬ?» አለች፤ ግራ ገብቷት። «ፓናዶል እኮ ነው።»

ይህን በእኛ ቦታ ያልነበረ ሰው ላይገባው ይችላል። በየቤቱ ያለነው ሠራተኞች ራሳችንን ቢያመን ፓናዶል ነው፤ ጥርስ ቢሆን ፓናዶል፣ ወገብ ቢሆን ፓናዶል፣ የእናት መርዶ መጥቶ ስናለቅስ ብናድርም ጠዋት የሚሰጠን ፓናዶል ነው። ማዳም ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ በካርቶን ታስቀምጠዋለች፣ ከደግነቷ ነው የምታድለን። እኔም በመጀመሪያው ቤቴ እንደ ከረሜላ ነው የበላሁት። ማንም መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውም። ዘይነብ በዚያ አገር በሕይወቷ የተደረገላት ሕክምና እሱ ብቻ ነበር፤ ከራሷ ድርሻ ቆርሳ ለምትወደው ሰጠችው። ድመት ግን ፓናዶልን የሚያፈርስ አቅም በጉበቷ የላትም፤ ደሟ ይበላሽና አየር መሸከም ያቅተዋል። አንድ ድመት ለመግደል ግማሹ ከበቂ በላይ ነው።

ማርከሻው ነበረን። ሰጠነው፤ ነገር ግን ጠዋቱ አልፎ ነበር። ሱልጣን ከሰዓት በኋላ፣ ከዐሥር ሶላት በፊት ሞተ። ዶክተር ዑስማን ለማዳሟ የሰው መድኃኒት ነው የጎዳው አላት እንጂ ማን እንደሰጠ አልተናገረም። ዘይነብ ናት «እኔ ነኝ ማዳም» ያለችው። የምትጮህባት መስሎኝ ነበር፤ አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና «ካርቶኑን የገዛሁት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ዶክተር ዑስማን ሱልጣንን በፎጣ ጠቅልሎ ተሸከመና ከኋላቸው ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ እጁን ሲታጠብ ቆየ። «ጥያቄያችንን እንለውጣለን» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛችን ላይ ባዶ የፓናዶል ፓኮ ተቀመጠ፤ መድኃኒት ሰጥታችኋል ወይ ማለት ትተን ፓኮውን እያሳየን ይህን ሰጥታችኋል ወይ እንል ጀመር። አዎ የሚሉን ብዙ ነበሩ። በጊዜ የጠየቅናቸው ድመቶች ተርፈዋል። ሱልጣን ግን ከልቤ አልወጣም፤ የፓናዶል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ያ ቡናማ ድድ ይመጣብኛል።

ማዳሟ ዘይነብን አላባረረቻትም። ግን ነጅማን ማየት አልቻለችም፤ ዘይነብንም ማየት እየከበዳት ሄደ መሰለኝ፣ ውሉ ሲያልቅ አላደሰችላትም። ዘይነብ ከመሄዷ በፊት ነጅማን በሣጥን ይዛ ክሊኒኩ መጣች። ማዳሟ ለሰው ልትሰጣት እንደነበረና ለምና እንደተረከበቻት ነገረችኝ። ሌላ ካፊል፣ ቪዛ የሚያወጣላት አሠሪ፣ አግኝታ እንደምትመለስ እርግጠኛ ነበረች። «እስክመለስ አደራ፣ እትዬ» አለችኝ። እኔ የምኖረው ከሁለት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው፤ የት አስቀምጣታለሁ ልላት አስቤ ነበር። ግን አደራ ካለች ወዲያ ምን ይባላል? ገንዘብ የበላ ሠርቶ ይከፍላል፤ አደራ የበላ ግን ስሙ አይመለስም። ሣጥኑን ተቀበልኳት።

ዘይነብ አልተመለሰችም። ኮምቦልቻ ላይ አገባች፣ ትንሽ ሱቅ ከፈተች፣ ወለደች። ዒድ በመጣ ቁጥር ትደውላለች፤ መጀመሪያ የነጅማን ደኅንነት፣ ቀጥሎ የእኔን ትጠይቃለች። ፎቶ እልክላታለሁ። እኔም ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ድመቷ ያንቺ ናት ወይ ላለኝ ሁሉ ለሰው እየጠበቅኳት ነው እላለሁ። በመሐል ዶክተር ዑስማን ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። ስደውልለት ስለ ጓሮው ድመቶች ያወራኝ ነበር፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን ስልኩ አይጠራም። የት እንዳለ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ክሊኒኩም ተሸጠ፤ እኔ አቡ ዳቢ ወደ አንድ ትልቅ የድመትና ውሻ ሆስፒታል ተዛወርኩ። አዲሱ አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ለአንድ ድመት ሩብ ሰዓት ብቻ መደበ። ዶክተር ዑስማን በሩብ ሰዓት ውስጥ ገና መሬት ተቀምጦ ነበር።

አል ዛሂያ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ነው፤ ሰው ግን አይረጋበትም። ጎረቤት አወቅኩ ስትል ውሉ ያልቅና ይሄዳል። ሰኔ ሲገባ ሆስፒታላችን በር ላይ ካርቶን ውስጥ የተተዉ ድመቶች ይበዛሉ፤ ባለቤቶቻቸው አገራቸው የገቡ። የፈረንጅም የሐበሻም አለበት። ስለ እነሱ ክፉ መናገር አልወድም፤ እኔም ሂጂ ስባል ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበርና። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው አገኛለሁ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን ክፍሌ ገብቼ አማርኛ የማወራት ነጅማን ነው። ትሰማኛለች፤ ያሳደጋት የዘይነብ አማርኛ ነው። የስዌይሃኑ ሰውዬ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብቸኝነት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ ጸጥታ ነው ብዬ ስጠራው ነበር።

ኩላሊቷ መታመሙን ያወቅኩት በውኃ ሳህኗ ነው። ጠዋት የሞላሁት ከሰዓት ባዶ ይሆናል፤ አሸዋዋ ላይ የሚቋጠረው ሽንት ትልልቅ ሆነ፤ ጀርባዋን ስዳብስ አጥንቷ መጣ፤ አፏ ሽንት ሽንት ይሸት ጀመር። አሮጊት ድመት ውኃ ስታበዛ ሰው ደኅና ናት፣ ትጠጣለች ብሎ ይደሰታል፤ ያን ጊዜ ነው ማስመርመር። ደሟ ሲታይ እንደፈራሁት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የግሉኮስ ከረጢቱን በሙቅ ውኃ ለብ አድርጌ፣ በሁለት ትከሻዋ መሐል መርፌውን ከቆዳዋ ሥር አስገብቼ እሰጣታለሁ። ውኃው እዚያው ይቋጠርና ትንሽ ሻኛ ታወጣለች። ግመሌ እያልኩ እስቅባት ነበር። በዚህ ከጠበቅነው በላይ ቆየች።

ከሽኝቱ በኋላ ግን መብላት አቆመች። አፏ ውስጥ ቆሰለ። ዓሣ ባሞቅ፣ በጣቴ ባጎርሳት ፊቷን ታዞራለች። የሆስፒታላችን ሐኪም ዶክተር ሪቱ፣ ከኬረላ የመጣች ገና ወጣት ሴት፣ መረመረቻትና ለብቻችን አስቀመጠችኝ።

«ታደለች፣ የሌላ ሰው ድመት ብትሆን ምን ትመክሪያለሽ?»

«የሌላ ሰው ናት እኮ» አልኩ።

ታሪኩን ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆየችና እንግዲያው ባለቤቷን ጠይቂ፣ ብዙ ግን አታቆዪያት፣ እያመማት ነው አለችኝ። ትክክል ነበረች። እኔ ግን ስልኬን አንሥቼ አስቀመጥኩ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ዘይነብ በሱልጣን የተነሣ ስንት ዓመት እንደተቃጠለች የማውቅ እኔ ነኝ፤ በየዒዱ ስትደውል የነጅማን ደኅና መሆን ሰምታ ነው የምትተነፍሰው። አሁን ደውዬ ሁለተኛዋንም እንግደላት ወይ ልላት ነው? ሳልጠይቃት ላድርገው ብል ደግሞ አደራዋን በላሁ ማለት ነው። በመሐል ነጅማ ሆዷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። በመጨረሻ እሷን እያየሁ ደወልኩ።

ዘይነብ ሱቋ ውስጥ ነበረች፤ የልጆች ድምፅ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳት፤ መብላት ማቆሟን፣ አውሮፕላኑን እንደማትችል፣ ሐኪሟ ያለችውን። መርፌው እንቅልፍ እንደሆነና እንደማያማት ነገርኳት። «ባለቤቷ አንቺ ነሽ፤ ምን ላድርግ?» አልኳት። ሰው መጥቶ ሳሙና ጠየቃት፤ ቆይ አለችው። ከዚያ ድምፅዋ ተሰባብሮ መጣ።

«እትዬ ታደለች፣ በአላህ ይሁንብሽ። አንዱን በእጄ ገደልኩት። ሁለተኛዋን በአፌ አታስገድይኝ።»

ከለከለችኝ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እሷ ግን ስልኩን አልዘጋችም።

«አደራዬን አንሥቼልሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት። የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሻለሁ፣ ዘይነቤ» አልኳት፤ በእነሱ የይቅርታ ቃል። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ሳሙና የፈለገው ሰው ደግሞ ተጣራና ዘጋችው።

በማግሥቱ ጠዋት ነጅማን ታቅፌ በታካሚዎች በር ገባሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ለዓመታት የምታውቀኝ ልጅ ናት፤ እንደ ደንቡ የባለቤቷን ስም ስትጠይቀኝ አንገቷን ደፍታ ነው። የራሴን ስም ነገርኳት። ዶክተር ሪቱ መድኃኒቱን አዘጋጀች። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊቷ ማሪሴል ልትይዝ መጣች። እጄ ከልማድ የተነሣ የነጅማን የፊት እግር ይዞ ደም ሥሩን ወደላይ ማውጣት ጀመረ። ማሪሴል ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችና «ዛሬ አንቺ ባለቤት ነሽ» አለችኝ። ስንቱን ባለ ድመት እዚህ ይቁሙ፣ እንዲህ ያድርጉ ስል የኖርኩ ሴትዮ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ማሪሴል ያዘችውና የነጅማ ራስ ላይ አኖረችልኝ። መርፌው እስኪያልቅ በአማርኛ አወራኋት። የእኔ ድመት ሆና የኖረችው ካለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ነው።